የ17 ደቂቃ ታላቅና ታናሽ

መንታ ሴቶች ልጆች ወዳሉበት ቤት ለጥየቃ የገባን እንደሆነ ከአፋችን የሚወጣው ቃል ምንጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ገና አረፍ ሳንል «ታላቂቱ የትኛዋ ናት?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱን እንደ ሰማን ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመን በዐይናችን እንመዝናቸዋለን። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር ፍርዱ ተሰጥቷል፤ አንዲቱ ጨዋታ ዐዋቂ፣ ሌላይቱ ጭምት፤ አንዲቱ ለእንግዳ፣ ሌላይቱ ለጓዳ ተብለው ተከፍለዋል። እኛ ነጠላችንን አጣፍተን እንሄዳለን። ቃላችን ግን እዚያው ቤት ያድራል፤ ልጆቹም ሰምተውታል።

እንዲህ ያለው ክፍፍል በብዙ ቤት ምን እንደሚያስከትል በየጊዜው ተመልክተናል። ጭምቲቱ፣ እኅቷ በእንግዳ ፊት ስትናገርና ሰው ሁሉ ሲስቅላት፣ በማጀት በር ቆማ ትሰማለች። «ፍቅሩ ሁሉ የእርሷ ነው» ትላለች በልቧ። ተጫዋቺቱ ደግሞ እናቷ የጓዳውን ቁልፍ ለእኅቷ ስትሰጥ፣ የገበያውን ገንዘብ ቈጥራ በእኅቷ መዳፍ ላይ ስታኖር ታያለች። «የታመነችው እርሷ ናት፤ እኔማ የቤቱ አጫዋች ነኝ» ትላለች። እያንዳንዷ የሌላይቱን ድርሻ ከራሷ ታስበልጣለች፤ እያንዳንዷም ሌላይቱ በበኩሏ እንደምትቀናባት ፈጽሞ አትጠረጥርም። ከዚህ በኋላ አለመግባባቱ ራሱን በራሱ ይመግባል። ዝምታ የምትወደው ዝም ስትል «ኰራችብኝ» ትባላለች፤ ጨዋታ የምትወደው ስትቀልድ «አፌዘችብኝ» ትባላለች። በአንድ አልጋ እያደሩ፣ ከአንድ መሶብ እየበሉ፣ ሁለቱ በሁለት ልዩ ልዩ ቤት ውስጥ ያደጉ ያህል ይሆናሉ።

እናትን አንወቅስም። ብዙ እናቶች አዳልተው እንዳይታዩ ሲሉ ከአንድ ጣቃ ሁለት ቀሚስ ያሰፋሉ፤ ፀጉራቸውን በአንድ ዓይነት ሹሩባ ያሠራሉ፤ አንዲቱ ብታጠፋ ሁለቱን ይቈጣሉ። ሐሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን ልብሱ አንድ በሆነ መጠን ሰዎች ልዩነትን የሚፈልጉት በጠባያቸው ላይ ይሆናል፤ ልጆቹም ቢሆኑ ከእኅታቸው የሚለዩበትን አንድ ነገር አጥብቀው ይፈልጋሉና፣ ጨዋነቱ በአንዲቱ የተያዘ እንደሆነ ሌላይቱ ሌላ ቦታ ታበጃለች። በባሕርይ እጅግ ተቃራኒ የሆኑ መንታዎች ሁሉ ከማሕፀን እንዲያ ሆነው የወጡ አይመስለንም፤ ከፊሉን ተቃራኒነት ያወጣነው እኛው ነን።

የተፈጥሮ ዕውቀት ሊቃውንት መንታዎችን በሁለት ይከፍሏቸዋል። ከአንድ ዕንቁላል ተከፍለው የሚፈጠሩት በመልክም በዘርም አንድ ናቸው፤ ከ1,000 ወሊድ መካከል እነዚህ ሦስት ወይም አራት ያህል ናቸው። ከሁለት ዕንቁላል የሚፈጠሩት ግን ከሌሎች ወንድማማቾችና እኅትማማቾች የበለጠ የዘር ተመሳሳይነት የላቸውም፤ በአንድነት ተጸነሱ እንጂ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን በ1875 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ስለ መንታዎች ታሪክ ከጻፈበት ጊዜ አንሥቶ ሊቃውንቱ ከዘር ምን ያህል፣ ከአስተዳደግ ምን ያህል እያሉ ይከራከራሉ። ለቤተሰብ የሚበቃው ይህ ነው፤ በዘር ፍጹም አንድ የሆኑት እንኳ ጠባያቸው ፍጹም አንድ አይሆንም።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ይህን በሥርዓቷ ካሳየች ቈይታለች። መንታ ሴቶች ልጆች በሰማንያ ቀናቸው ሲጠመቁ ካህኑ ሁለቱን በአንድነት አያጠምቅም። እያንዳንዷ ለብቻዋ ከውኃው ትገባለች፤ ለየራሷ የክርስትና ስም ይወጣላታል፤ የክርስትና እናትም ታነሣታለች። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሆነው የወጡትን ልጆች፣ ቤት ስንደርስ «መንቶቹ» ብለን መልሰን አንድ የምናደርጋቸው እኛ ነን።

አሁን ወደ አንድ የታወቀ ታሪክ እንለፍ። የሩቅ አገር ታሪክ ነው፤ ቢሆንም የብዙ ቤታችን ሰው ራሱን የሚያይበት ይመስለናል።

በአሜሪካ፣ በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ ሱ ሲቲ በምትባል ከተማ፣ ከሩሲያ ተሰደው ለመጡ አይሁድ ባልና ሚስት በ1918 ጁላይ 4 ቀን መንታ ሴቶች ልጆች ተወለዱላቸው። አባት በጋሪ ዶሮ እያዞረ በመሸጥ ጀምሮ ኋላ የሲኒማ ቤቶች ባለቤት ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። ለቤቱ የመጨረሻ ልጆች የሆኑት መንታዎች መልካቸው የማይለይ ነበረ፤ ስማቸውም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያይቱ አስቴር ፖሊን ተባለች፤ ከ17 ደቂቃ በኋላ የተወለደችው ደግሞ ፖሊን አስቴር ተባለች። አንዱን ስም ገልብጠው ለሁለተኛይቱ ሰጧት ማለት ነው። በቁልምጫ ትልቋን ኤፒ፣ ትንሿን ፖፖ ይሏቸው ነበር።

የአባታቸው ስም አብርሃም፣ የእናታቸው ስም ርብቃ ነበር። ይህን ስናነብ ሌላይቱን ርብቃ አለማስታወስ አልቻልንም። የኦሪት ዘፍጥረት አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ርብቃ በማሕፀኗ የሚጋፉ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ አንዱ የበረሃ ሰውና አዳኝ፣ ሌላው ከድንኳን የማይርቅ ጭምት ሆኑ። አባት ለአዳኙ አደላ፤ እናት ለጭምቱ አደላች። ብዙ ጊዜ ስለ ምስር ወጡና ስለ ብኵርናው እንነጋገራለን እንጂ፣ ነገሩ የተጀመረው ልጆቹ ሳይጣሉ ገና ወላጆቻቸው በተካፈሏቸው ጊዜ መሆኑን እናልፈዋለን። ያዕቆብ ሸሽቶ በካራን ሃያ ዓመት ኖረ። ተመልሶ ከወንድሙ ጋር ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ ርብቃ ግን ልጇን ዳግመኛ ስለ ማየቷ መጽሐፉ አንዳች አይናገርም።

የሱ ሲቲዋ ርብቃ ልጆች ነገር ከዚህ ተቃራኒ ነበር። እነርሱን የከፈላቸው አልነበረም፤ ይልቁን የለያቸው ሰው አልተገኘም። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ አንድ ዓይነት የሙዚቃ መሣሪያ ማለት ቫዮሊን ተምረው፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በአንድ ኮሌጅ ተማሩ። በኮሌጁ ጋዜጣ ላይ የየስማቸውን መነሻ ፊደላት አጋጥመው በአንድነት የወሬ ዓምድ ይጽፉ ነበር። በ1939 ጁላይ 2 ቀን፣ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ቀን ሲቀር፣ በአንድ ሥነ ሥርዓት ተዳሩ፤ ከሠርጉም በኋላ ሁለቱ ሙሽሮች ከባሎቻቸው ጋር በአንድነት ለሽርሽር ሄዱ።

በጋብቻው ግን የመጀመሪያው ልዩነት ገባ። ፖፖ ያገባችው ሞርተን ፊሊፕስ የባለጠጋ ቤት ልጅ ነበር። የኤፒ ባል ጁልስ ሌደረር ግን ባርኔጣ ሻጭ ነበረ። ኋላ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ኦ ክሌር በምትባል ከተማ ሁለቱ ቤተሰቦች ጎረቤት ሆነው ኖሩ፤ ጁልስ የሚሠራው በፊሊፕስ ቤተሰብ ድርጅት ነበር። የታናሽ እኅት ባል ቤት ባለቤት፣ የታላቅ እኅት ባል ቤት ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። በእኛም አገር ቢሆን እንዲህ ያለው ነገር ሳይነገር እንዴት እንደሚቈጠቍጥ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም።

በ1955 ኤፒ ቺካጎ ሄዳ ትኖር ነበር። በዚያ ከተማ በሚታተም አንድ ጋዜጣ ላይ «አን ላንደርስ» በሚል የብዕር ስም ከ1943 ጀምሮ ለአንባብያን ምክር ትጽፍ የነበረችው ሩት ክራውሊ የምትባል ነርስ ሞተች። ጋዜጣው ምትክ ለማግኘት ውድድር አደረገ። ኤፒ አንድም ቀን በደመወዝ ጽፋ የማታውቅ የቤት እመቤት ስትሆን ተወዳደረች። ለፈተና ከተሰጧት ጥያቄዎች አንዱ፣ የጎረቤት ዛፍ ፍሬውን ወደ አጥሬ ውስጥ ቢያራግፍ ፍሬው የማን ነው የሚል ነበር። እርሷም በግምት መመለሱን ትታ ለሚያውቁት ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ለዊሊያም ዳግላስ ስልክ ደወለች። የሃይማኖት ነገር ሲመጣ ካህን፣ የሕመም ነገር ሲመጣ ሐኪም ጠየቀች። ውድድሩን አሸነፈች፤ የመጀመሪያ ጽሑፏም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወጣ።

ደብዳቤው ቢበዛባት የዕድሜ ልክ ልማዷን አደረገች፤ ከደብዳቤዎቹ ከፍላ ወደ ካሊፎርኒያ ለእኅቷ ላከች። ፖፖም መልሱን እየጻፈች ትሰድ ጀመር። የጋዜጣው ሹማምንት ይህን ባወቁ ጊዜ ከለከሉ። ፖፖ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ በሳን ፍራንሲስኮ ወደሚታተም ጋዜጣ ሄዳ ከዚህ የተሻለ ምክር ልጽፍላችሁ እችላለሁ አለች፤ ለፈተና የተሰጧትን ደብዳቤዎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ መልሳ አመጣች። በ1956 ጃንዋሪ፣ እኅቷ ሥራውን ከያዘች ገና ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የእርሷም ዓምድ መውጣት ጀመረ። ለብዕር ስሟ የመረጠችው አቢግያ የሚለውን ነው፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ዳዊትን በቁጣው ቀን በብልህ ቃል መክራ ደም ከማፍሰስ የመለሰችው የዚያችን ሴት ስም መሆኑ ነው። የአስታራቂይቱን ስም ይዛ በጻፈችው ዓምድ ምክንያት ግን ከእኅቷ ጋር ተለያዩ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰጡት ፍርድ ቀላል ነው፤ ፖፖ ቀናች ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱንም ወገን ማየት እንሻለን። ኤፒ በሠላሳ ሰባት ዓመቷ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የእርሷ ብቻ የሆነ አንድ ነገር አገኘች፤ ሦስት ወር ሳይሞላው እኅቷ ያንኑ ይዛ ተነሣች። ፖፖ ደግሞ በሠላሳ ሰባት ዓመቷ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኅቷ በገባችበት በር እንዳትገባ ተከለከለች። አንዲቱ «ቀማችኝ» አለች፤ ሌላይቱ «ገፋችኝ» ብላለች ብንል ከእውነቱ የምንርቅ አይመስለንም። ሁለቱም በየበኩላቸው ልክ ነበሩ፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለብቻ መሆንን ያልተማረ ሰው፣ ብቻውን የቆመ ቀን እኅቱ ከድታው የሄደች ይመስለዋል።

የጠባያቸው ልዩነት አሁን ለሕዝብ ታየ። በመልክ የማይለዩት እኅትማማች በብዕር ተለዩ። ፖፖ በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሳ፣ አስቃ፣ ደብዳቤውን የምትዘጋ ነበረች። ኤፒ ባለሙያ የምትጠይቅ፣ የምትገሥጽ፣ ነገሩን እስከ ሥሩ የምትከተል ሆነች። ሁለቱም ከ1,000 በላይ በሆኑ ጋዜጦች ላይ እስኪወጡ ድረስ ገነኑ። ፖፖ ለትውልድ ከተማቸው ጋዜጣ፣ የእኅቷን ዓምድ እንዳያወጣ ከተስማማ የራሷን በርካሽ ዋጋ እንደምትሰጠው ነግራው እንደ ነበረ በታሪካቸው ይነገራል። በ1958 ደግሞ «ላይፍ» የተባለው መጽሔት የሁለቱን መለያየት ለመላው አገር አወጣው፤ አንዲቱም ስለ ሌላይቱ ለጋዜጠኛ የተናገረችው ቃል በቤት ውስጥ እንኳ ቢነገር የሚከብድ ነበር።

ነገሩን እስቲ እናስበው። በየማለዳው የፖስታ ጆንያ ይመጣል። በጆንያው ውስጥ ባሏን ያኰረፈች፣ ከአማቷ የተጣላች፣ በውርስ ከወንድሟ የተቈራረጠች ሴት ሁሉ ምክር ትለምናለች። እነርሱም ይቅር በይ፣ አንቺ ቀድመሽ ደውዪ፣ ኩራት አይጠቅምሽም እያሉ ይጽፋሉ። ማታ ግን በሁለቱ ቤት መካከል ስልኩ አይደወልም። እንዲህ የሆነው ለስምንት ዓመት ያህል ነው። ግብዞች ነበሩ ልንል ይቻለናል፤ እኛ ግን እንዲያ ለማለት እጃችን ያጥራል። ሰው ለሌላው የሚያየውን ለራሱ የማያይበትን ነገር ከየቤታችን የማናውቀው ይመስል።

በ1964 ታረቁ። በአንድነት ከተዳሩ ሃያ አምስት ዓመት የሞላበት ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ ፍጹም እንደ ቀድሞው ሆኑ ለማለት አንደፍርም፤ ሁለት ዓምድ በአንድ አገር ውስጥ ለአንድ አንባቢ ሲሽቀዳደም ይኖራልና። ሆኖም ተነጋገሩ። በ1975 የኤፒ ትዳር በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሲፈርስ፣ ይህን ለአንባቢዎቿ ገልጣ ከጽሑፏ ግርጌ ባዶ ቦታ እንዲተውላት አዘጋጆቹን ለመነች፤ ለፈረሰው ትዳር መታሰቢያ እንዲሆን። የፖፖ ትዳር እስከ ዕለተ ሞቷ ጸና። እንግዲህ ባርኔጣ ሻጩ ኋላ መኪና የሚያከራይ ታላቅ ድርጅት አቋቁሞ ሀብታም ሆኖ ነበር፤ ያ የመጀመሪያው የሀብት ልዩነት ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አንዲቱ በሌላይቱ ቀንታበት የነበረው ነገር ሁሉ እንዲህ እየተገላበጠ ሄደ።

ኤፒ በ2002 ጁን 22 ቀን በሰማንያ ሦስት ዓመቷ አረፈች። በዚያው ዓመት፣ ሁለት ወር ያህል ቈይቶ፣ የፖፖ ቤተሰብ እናታቸው የመርሳት ሕመም እንደያዛት ለሕዝብ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ተጨምሮላት በ2013 በዘጠና አራት ዓመቷ ሞተች።

ይህን ታሪክ አንብበን ለአንዲት የምናውቃቸው የመንታ ሴቶች ልጆች እናት አጫወትናቸው። እርሳቸውም አዳምጠው ሲያበቁ ሳቅ አሉና የራሳቸውን ነገሩን። የእርሳቸው ልጆች ዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አንዲቱ አፈ ጉባኤ፣ ሌላይቱ ስትናገር የማትሰማ። አንድ ቀን ተጫዋቺቱ ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ «እማዬ፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጥተሽኝ የማታውቂው ሌባ መስዬሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እናትየዋ በቆሙበት ደነገጡ። ቁልፉን ለጭምቲቱ የሰጡት በሌላ ምክንያት ሳይሆን፣ እርሷ ሁልጊዜ ማጀት ስለማትጠፋ ለእጃቸው ቀርባ ስለሚያገኟት ብቻ ነበር። ለእርሳቸው ምቾት የሆነው ነገር ለልጅቱ ፍርድ ሆኖ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ቁልፉን ለተጫዋቺቱ ሰጧት፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጭምቲቱ ወጥታ እንድታስተናግድ አደረጉ። ነገሩ እንዳሰቡት አማረ አላሉንም። በርበሬው ሳይከደን አደረ፤ የጤፉ ሸክላ ተሰበረ። ጭምቲቱም በእንግዳው ፊት እንደ ምሰሶ ቆማ ቀረች፤ የክርስትና እናቷ የሆኑት ወይዘሮ «ልጄ፣ አሞሻል?» እስኪሏት ድረስ። በሦስተኛው ሌሊት ግን እናትየዋ በግድግዳው በኩል ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ሰሙ። «አንቺ፣ ያን ሁሉ ዕቃ የቱ የት እንዳለ እንዴት ነው የምትይዥው?» ትላለች አንዲቱ። «አንቺስ ለሰው የምትነግሪውን ከየት ነው የምታመጪው? እኔ እኮ አፌ ይደርቃል» ትላለች ሌላይቱ። እንዲህ ሲነጋገሩ ከሰሟቸው ከልጅነታቸው ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እኛም ከዚያ ቤት ስንወጣ፣ ለመሰናበት የቀረቡትን ልጆች «ከእናንተ ታላቂቱ...» ብለን ልንጀምር ምላሳችን ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልማድ ክፉ ነው፤ ዋጥነው። እያንዳንዷን በስሟ ጠርተን ተሰናበትን።

እናትየዋ አሁን የጓዳውን ቁልፍ አስቀርጸው ሁለት አድርገውታል። ባለፈው ሰሞን የተጫዋቺቱ ቁልፍ ጠፍቶባት ነበር አሉ፤ እኅቷ ለእናቷ ሳትናገር የራሷን እያዋሰቻት ሁለት ሳምንት አለፈ።